የሊስፕ ኮምፓይለሬ የመጀመሪያዎቹን ዓይነቶች እንዴት እንደሚያሰናዳ

ኮመን ሊስፕ ለሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አነስተኛ ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም) ስጽፍ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ክፍል ኮድ ማመንጨቱ አይደለም፤ ፕሮግራሙ ገና ሲነሣ ከቋንቋው ጋር የሚመጡትን ዓይነቶች (እንደ ቁጥርና ሊስት ያሉ የዕቃ መደቦች) የሚያሰናዳው ክፍል ነው። እያንዳንዱ ዓይነት በማኅደረ ትውስታ ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ ነው፤ ዕቃው ደግሞ በተራው ዓይነት ሊኖረው ይገባል። ስታንዳርድ ክላስ የሚባለው ክላስ (ክላስም የዓይነት መልክ ነው) ጭራሽ የራሱ አባል ነው። ስለዚህ ወላጁን አስቀድሞ ልጁን አስከትሎ መፍጠር አያዛልቅም።

ሥራውን በሁለት ዙር ከፈልኩት። በመጀመሪያው ዙር ለሁሉም ባዶ ዕቃ እመድብና ስሙን በሠንጠረዥ አስመዘግባለሁ፤ ሌላ ነገር አልነካም። በሁለተኛው ዙር ማን ከማን ሥር እንደሆነ እና የእያንዳንዱ ዕቃ ዓይነት ምን እንደሆነ እሞላለሁ። በሁለቱ መካከል የዓይነት ፍተሻ የሚጠራ ኮድ ካለ ኮምፓይለሩ እዚያው እንዲቆም አደረግሁ። ይህ ክልከላ ከሁሉም በላይ ጠቅሞኛል፤ ግማሽ የተሞላ ሠንጠረዥ ዝም ብሎ የተሳሳተ መልስ ይሰጣልና። እ.ኤ.አ. በ1999 ሲኤምዩሲኤል ከተባለው የኮመን ሊስፕ ኮምፓይለር የተለየው ኤስቢሲኤል የመጀመሪያውን የማኅደረ ትውስታ ምስል (ሲነሣ የሚጫነውን የተሰናዳ ቅጂ) በሌላ ሊስፕ ላይ ሆኖ ያዘጋጃል። አካሄዱን አደንቃለሁ፤ ለእኔ ዓይነቱ ትንሽ ሥራ ግን ይከብዳል።

ቀጥሎ ራስ የሚያዞረው ኒል ነው። ኒል ሲምቦልም (ስም ሆኖ የሚያገለግል ዕቃ) ባዶ ሊስትም (ዝርዝር) ነው፤ እሱን ብቻ የያዘው ነል የተባለው ዓይነት ከሁለቱም ሥር ስለሚገባ የዓይነቶቹ ዝምድና የዛፍ ቅርጽ አይኖረውም። ወላጅን ከወላጅ እየተከተሉ መውጣቱን ትቼ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ዓይነት አንድ ቢት መስጠትን መረጥሁ፦ ኮንስ (ባዶ ያልሆነ ሊስት የሚሠራበት ጥንድ) 1፣ ነል 2፣ ከኒል በስተቀር ያሉት ሲምቦሎች 4፣ ፊክስነም (በአንድ የማሽን ቃል የሚገባ ሙሉ ቁጥር) 8፣ ቢግነም (ከዚያ የሚበልጥ ሙሉ ቁጥር) 16። በዚህ ስሌት ሊስት 3፣ ሲምቦል 6፣ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) 24 ይሆናሉ። አንዱ ከሌላው ሥር መሆኑን ለማወቅ፣ በመጀመሪያው በርቶ በሁለተኛው የጠፋ ቢት መኖሩን ማየት ይበቃል። 3 እና 6 የሚጋሩት 2ን ብቻ ነው፤ ሊስትም ሲምቦልም የሆነው ነገር ነል ብቻ መሆኑ ያለ ልዩ ደንብ ይወጣል። ሁሉንም ዕቃ የሚይዘው ዓይነት ቲ ሁሉም ቢቶች የበሩበት ነው። ምንም አባል የሌለው ኒል የተባለው ዓይነት ደግሞ ዜሮ ስለሆነ ከሁሉም ሥር ይገባል።

ቢት ሁሉንም አይሸከምም። ከ0 እስከ 10 ያሉ ኢንቲጀሮች ብቻ ሲባል ወሰኖቹን ለብቻ እይዛለሁ። ሳቲስፋይስ (አባልነትን በፈንክሽን የሚፈትን ደንብ) ያለበት ዓይነት ሲመጣ፣ አንዱ ዓይነት ከሌላው ሥር መሆኑን የሚመልሰው ሰብታይፕፒ ሁለት ዋጋ እንዲመልስ መደንገጉ ያተርፈኛል፦ ሁለቱም ኒል ከሆኑ መልሱ «መወሰን አልቻልኩም» ማለት ነው። ሰበብ ፈልጎ ከመገመት ይህ ይሻላል።

በመጨረሻ ኮምፓይለሩ በናሙና ዕቃዎች ራሱን ይፈትሻል፦ ዜሮ፣ ኒል፣ ባለ አንድ አባል ሊስት። እንደ 64 ቢቱ ኤስቢሲኤል ከቁጥሩ ቃል አንድ ቢት ፊክስነም መሆኑን ለመለያ ስለተውኩ፣ 4611686018427387903 ፊክስነም፣ አንድ ሲጨመርበት ቢግነም መሆን አለበት። አንዱ እንኳ ካልተስማማ ምስሉ ዲስክ ላይ አይጻፍም።