ስልኬን ደሴ ትቼ ሐይቅ ዋልኩ

ከፌስቡክና ከቲክቶክ ራቅ ካልኩ ሰነባብቻለሁ። ዛሬ ደግሞ ስልኩን ራሱን ቤት አስቀምጬ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ሐይቅ ከተማ፣ አክስቴ ዘንድ ዋልኩ።

እጣኑ ሲጨስ ጎረቤት ተሰበሰበ። አቦሉ ተቀድቶ ምርቃቱ ሲጀመር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም መዳፉን ዘርግቶ «አሚን» አለ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ልጃቸው ጅዳ ናት። ድምጿን ካሰማች መቆየቷን ሲናገሩ ስኒው በእጃቸው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቡናውን ሳይቀምሱት ቀዘቀዘ። ስልክ በእጄ ቢኖር ኖሮ አንገቴን ደፍቼ ይህን ሳላይ እቀር ነበር ብዬ ሳስብ ልቤ ተነካ።

በረካው አልቆ ሁሉም ከተነሣ በኋላም ከእኚህ እናት ጋር ብዙ ተጫወትን።

ስልክን ግን አልጠላም፤ የልጃቸውም ድምፅ የሚመጣው በእርሱ ነው። የሚያናድደኝ ሌላ ነው፦ ወደ ታች ሲገፉት ማለቂያ የሌለው ገጽ፣ በየደቂቃው የሚጮኸው ማሳወቂያ። እነዚህ ሆን ተብለው የተሠሩት እኛን ለማቆየት ነው፤ ድርጅቶቹ ማስታወቂያ የሚሸጡት በእኛ ጊዜ ላይ ነውና። ስለዚህ መፍትሔውን ራስን በመግታት ብቻ መፈለግ አይበቃም፤ የስልኩን ቅንብርም (ሴቲንጉን) መለወጥ ያስፈልጋል።

እኔ ከጥሪ በቀር ማሳወቂያውን ሁሉ ዘግቻለሁ። ስልኩ ሌሊት ሳሎን ያድራል። ፌስቡክ የምከፍተው ከእራት በኋላ ለጥቂት ጊዜ ነው፤ አሁንም የምጽፈው በዚያው ሰዓት ነው። የቸኮለ ጉዳይ ያላችሁ ወዳጆቼ ደውሉልኝ፤ በደስታ አነሣለሁ።