የግዙፉ ዘበኛ አውራ ጣት

ሐዋሳ ቤቴ ቁጭ ብዬ አንድ ትንሽ ጌም እየሠራሁ ነው። ሐይቅ አለ፣ ጀልባ አለ። ወደቡ አፍ ላይ ደግሞ ግዙፍ ዘበኛ ሐውልት እንዲቆም ፈለግኩ። ብሌንደር የሚባለውን የ3ዲ መሥሪያ ሶፍትዌር ከፈትኩና አንድ እግሩን በዚህ ዳር፣ ሌላውን በዚያ ዳር ተከልኩት። ቁመት? 200 ሜትር። ማን ከልካይ አለብኝ!

ታናሽ ወንድሜ ተጫውቶ አየው። «አሻንጉሊት ነው እንዴ?» አለኝ። ቆሽቴ አረረ። 300 አደረግኩት። አሁንም አሻንጉሊት።

ማንበብ የጀመርኩት ይሄኔ ነው። ወደብ ላይ እግሩን አንፈራጥጦ የሚቆመው ሐውልት ምንጩ በግሪኳ ሮድስ ደሴት የነበረው የጥንቱ የሮድስ ሐውልት ነው። የእውነተኛው አቋቋም ግን እንደዚያ አልነበረም፤ ያንን የፈጠሩት ከዘመናት በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው። ቁመቱም 33 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። አክሱም ውስጥ ወድቆ የተሰባበረው ትልቁ ሐውልትም እዚያው ግድም ነው። እሱን አይቶ «አጠረብኝ» ያለ ሰው አልገጠመኝም።

ከልቦለዱ ዓለም ደግሞ የ«ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ደራሲ ቶልኪን የፈጠራቸውን አርጎናት የሚባሉ ሐውልቶች አየሁ። በአንዱዊን ወንዝ ግራና ቀኝ ሁለት የድንጋይ ነገሥታት ቆመዋል። ቀኝ እጃቸው መጥረቢያ ይዟል፤ ግራው መዳፉን ወደ ፊት ዘርግቶ «ተመለስ» ይላል። የእኔው ሰይፍ የመዘዘ ነበር። ሰይፉን ጥዬ መዳፍ ሠራሁለት። መዳፍ ይበልጥ ያስፈራል። (ሰይፉ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ መብራት ሲሄድ ሴቭ ሳላደርግ የጠፋብኝን ክንድ ሳልቆጥር።)

የገላገለኝ ግን ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ነው። የሮድሱ ሐውልት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ226 ገደማ በመሬት መንቀጥቀጥ ከጉልበቱ ተሰብሮ ወደቀ። ፕሊኒ ስለወደቀው ሐውልት ሲጽፍ፣ አውራ ጣቱን በክንዱ ማቀፍ የሚችል ጥቂት ሰው ነው ይላል። ሜትሩን ረሳሁት። ጣቷ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለች።

በማግስቱ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድኩ። አባ ኮዳዎቹ እንደልማዳቸው ዓሣ የሚያጸዱትን ልጆች ከበው ቆመዋል። አንዱ እየተንጎራደደ መጥቶ ከአንድ ሕፃን ጎን ቆመ። እኩያ ሆኑ! ይህን ወፍ ዕድሜ ልኬን አይቼዋለሁ፤ ትልቅነቱ የታየኝ ግን ያኔ ነው።

ቤት ገብቼ 300ውን ሜትር ወደ 33 አወረድኩ። ከጉልበቱ ሰብሬም ውሃው ውስጥ አስተኛሁት። እጁ ዳር ላይ ወድቋል፤ መዳፉ ዛሬም ወደሚመጣው ጀልባ ዞሯል። ተጫዋቹ አውራ ጣቱን እንደ ግንድ ካልተሻገረ አያልፍም። ጥፍሩ ላይ አንድ አባ ኮዳ አስቀመጥኩ።

ወንድሜን ድጋሚ ጠራሁት። ጣቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዞረው። ከዚያ ካሜራውን ቀስ አድርጎ ወደ ተሰበሩት ጉልበቶች አነሳ።

«ቆይ፣» አለኝ፣ «የዚህ ባለቤት የታለ?»