31ዱም አሉ
አታሚው ኢባራ ያተመው «ዶን ኪሆቴ»፣ የሰርቫንቴስ ልብ ወለድ፣ አሮጌ መጻሕፍት ሱቅ ሲገባ ቅድሚያ የሚቆጠረው ሥዕል ነው። እ.ኤ.አ. በ1780 ማድሪድ ላይ ለስፔን ቋንቋ አካዳሚ የታተሙት አራቱ ጥራዞች የደራሲው ምስል፣ የየጥራዙ መግቢያ ሥዕልና ካርታው ሳይታሰቡ 31 ሥዕል ሊኖራቸው ይገባል። 32ኛ ይዞ የመጣ ይጠርጠር፤ ታዋቂው ሠዓሊ ጎያ የነደፈው የአህያ ጩኸት ሥዕል እንኳ ተቀርጾ ሲያበቃ አካዳሚው ሳያስገባው ቀርቷል። ጽሑፉ በእርሳስ ፊደል፣ ሥዕሉ ደግሞ ለብቻው ከመዳብ ሰሌዳ ስለታተመ በየቦታው የሚያስገባው ጠራዡ ነበር። ገንጥሎ መሸጥም ሆነ ከሌላ ቅጂ አምጥቶ መተካት የቀለለው ለዚህ ነው።

ያን ቀን የመጣው 31ዱም ነበሩት። የሰሌዳው ጠርዝ ወረቀቱን ተጭኖ የተወው ስርጉድ በጣት ይዳሰሳል፤ ቀለሙም ለጥፍር ከፍ ብሎ ይሰማል። አለቃ ግን ሦስተኛው ጥራዝ ላይ አንዱን ሥዕል ገልጠው ቆሙ። የቀለሙ ዘይት በዘመን ብዛት ትይዩ ገጹ ላይ ቡናማ ጥላ ጥሏል።

«ይኸው! እዚህ ዛፉ በቀኝ፣ ጥላው ላይ በግራ። ከሌላ ቅጂ የመጣ ነው።»

«አለቃ፣ ጥላማ መገልበጥ አለበት እኮ» አለ ካታሎግ የሚሠራው ወጣት። «መጽሐፉ ሲዘጋ ፊት ለፊት ነው የሚገጥሙት። ባይገለበጥ ነበር የሚያስጠረጥረው።»

«አንተ ሳትወለድ እኔ እዚህ ነበርኩ።»

ክርክሩ አለቀ። ልጁ ግን እልህ ይዞት የአለቃን ስህተት ሊያረጋግጥ ሥዕሉ ያለበትን የመጽሐፉን ቅጠል በብርሃን ፊት ያዘው። ከሥዕሉ በፊት ያሉትን ቅጠሎች ታች ጥጋቸው ላይ ብል በስቷቸዋል፤ ቀዳዳው ከሥዕሉ ኋላ ባለው ቅጠል ላይ በዚያው ቦታ ይቀጥላል። ሥዕሉ ላይ የለም። ብል ደግሞ አይዘልም። በእርግጥም ተተክቷል! ጥላው የገጠመው የወጣውም የገባውም ሥዕል ከአንድ ሰሌዳ ስለታተሙ ብቻ ነው።

ካታሎጉ «አንድ ሥዕል ከሌላ ቅጂ የተተካ» ብሎ ወጣ፣ ዋጋውም ወረደ። ስለ ብሉ ቀዳዳ የጠየቀም የለም። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር አለቃ ያንን ዛፍ እየጠቀሱ ያስተምራሉ። በእሳቸው ሒሳብ ከሄድን ከሱቁ ሥዕሎች ከራሱ መጽሐፍ ጋር የተወለደ አንድም አይተርፍም።