48 ሜጋባይቱ እንዴት 79 ሆነ?

ትናንት ማታ 312ኛው ፒዲኤፍ ወረደልኝ። ደስ ብሎኛል። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ስቃጠል ከርሜ ነው።

የምሠራው ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ነው። አዋጅ ወይም ደንብ ሲያስፈልገን አንድ ድረ ገጽ ገብተን አንድ በአንድ እናወርዳለን። ድረ ገጹ ሲፈልግ ይከፍታል፣ ሲፈልግ ይተኛል። ሁሉንም አንዴ አውርጄ ልገላገል ብዬ ፓይተን የሚባለውን የኮድ ቋንቋ ጀመርኩ። ስለ ሉፕና ፈንክሽን፣ ስለ ኮድ ሀሁ አላወራም፤ ሁላችንም ያለፍንበት ነው። ሪኩዌስትስ በሚባለው ላይብረሪ (ከድረ ገጽ ፋይል የሚያመጣ የተዘጋጀ ኮድ) የመጀመሪያውን ፋይል በአምስት መስመር ኮድ ሳወርድ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ትንንሾቹ ጉዶች መጡ። አንዱን ፋይል "አዋጅ 1156/2011" ብዬ ሰየምኩት። ኮምፒውተሩ እዝባሯን አይቶ "አዋጅ 1156" የሚባል ፎልደር ፍለጋ ሄደ። በሰረዝ ተካኋት። የአማርኛ ስም ያላቸው ሊንኮች ደግሞ ሌላ ጣጣ ናቸው፤ አንድ ፊደል ሊንክ ውስጥ ሲገባ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። "አዋጅ" ብቻዋን 27 ናት። የፋይሉን ስም ከሊንኩ ስወስድ ደግሞ ይረዝማል፤ ሊኑክስ (ኮምፒውተሬ የሚሠራበት ሲስተም) ከ255 ባይት ያለፈ የፋይል ስም አይቀበልም። አንኮት በምትባለው ፈንክሽን ወደ ፊደሉ መለስኩት።

አንድ ቀን ደግሞ ለቅቄው ተኛሁ። ጠዋት ሳየው 14ኛው ፋይል ላይ ድርቅ ብሏል። ታይምአውት፣ ማለትም የመጠበቂያ ጊዜ ገደብ፣ አላስቀመጥኩም ነበር። ሪኩዌስትስ ካልነገራችሁት ሰርቨሩን (ፋይሎቹን የሚልከውን ኮምፒውተር) እስከ ዕለተ ምጽአት ይጠብቃል።

ያቃጠለኝ ግን የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። 3367 አንቀጽ፣ ስካን የተደረገ፣ 48 ሜጋባይት። መሃል ላይ ኔትወርክ ይቆረጣል ወይ መብራት ይሄዳል፣ እንደገና ከዜሮ። ከቆመበት ማስቀጠል እንደሚቻል ሳነብ ጮቤ ረገጥኩ። ከጥያቄያችሁ ጋር ሬንጅ የሚባል ሄደር (ለሰርቨሩ የሚሄድ ማስታወሻ) ትልካላችሁ፤ "እስከዚህ ባይት አለኝ፣ የቀረውን ስጠኝ" እንደማለት ነው። ፋይሉን "ኤቢ" በሚባለው፣ ያለውን በማያጠፋው አከፋፈት ትከፍቱና የመጣውን ከሥር ትቀጥላላችሁ።

31 ሜጋባይት ላይ የተቋረጠው ቀጠለ፣ አለቀ። መጠኑን ሳይ 79! ስከፍተው ተበላሽቷል ይለኛል። አጥፍቼ ደገምኩት፣ ያው ነው። ሁለት ቀን ኮዴን ሳገላብጥ፣ ሉፑን ሳፈርስና ስገነባ ከረምኩ። ፓይተኑን ራሱ አራግፌ እንደገና ጭኜዋለሁ፤ አትሳቁብኝ።

መጨረሻ ላይ የሰርቨሩን የመልስ ኮድ ፕሪንት አደረግኩት። 200። ሬንጁን የተቀበለ ሰርቨር የሚመልሰው 206 ነው። የእኔው ጥያቄዬን ከነጭራሹ ትቶ ፋይሉን ከሀ እስከ ፐ ይልክልኛል። እኔ ደግሞ በያዝኩት 31 ላይ 48ቱን እለጥፋለሁ። 31 ሲደመር 48። ድምሩ ሁለት ቀን ሙሉ ፊቴ ተገትሮ ነበር።

አሁን ኮዱ መጀመሪያ ይጠይቃል። 206 ከሆነ ይቀጥላል፤ 200 ከሆነ የያዘውን ጥሎ "ደብልዩቢ" በሚባለው፣ ያለውን በሚያጠፋው አከፋፈት ከዜሮ ይጀምራል። ያላለቀ ፋይል ስሙ መጨረሻ ላይ "ፓርት" የምትል ቅጥያ አለችው። መጠኑ ሰርቨሩ ከነገረኝ ጋር ሲገጥም ብቻ ትነሳለታለች። እውነተኛ ፒዲኤፍ መሆኑን ለማወቅ የመጀመሪያዎቹን አራት ባይቶችም አያለሁ። ፒዲኤፍ ነው ብዬ ያስቀመጥኩት 2 ኪሎባይት ነገር "ገጹ አልተገኘም" የሚል ድረ ገጽ ሆኖ አግኝቼዋለሁና። ፍትሐ ብሔሩ በስድስተኛው ሙከራ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ወረደ።

ፋይል ለማውረድ ሴሌኒየም (ብራውዘርን በኮድ የሚያዝ መሣሪያ) ተጠቀም የምትሉኝ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉኝ። ሊንኩ በእጃችሁ እያለ ሙሉ ብራውዘር ማስነሳት ለአንድ ዳቦ ዳቦ ቤት መክፈት ነው። ኮድ ስትጽፉ ግን በየፋይሉ መሃል ጥቂት ሰከንድ አሳርፉ። እኔ በችኮላ 20 ፋይል በአንዴ ጠይቄ ሁለት ቀን ታግጃለሁ፤ ይገባኝ ነበር።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ "ዊጌት አታውቅም እንዴ?" አለኝ። አሁን አውቃለሁ፤ ፋይል የሚያወርድ የተዘጋጀ ፕሮግራም ነው። ዊጌትም ቢሆን ከዚህ ሰርቨር የተቋረጠ ፋይል ማስቀጠል አይችልም፤ ያጽናናኝ ይኸው ነው።

ድረ ገጹ እውነተኛው መሆኑን የሚያጣራውን የሰርተፊኬት ማረጋገጫ ደግሞ ስሕተት እያመጣ ስላስቸገረኝ አጥፍቼዋለሁ። ልክ አይደለም፣ እናንተ እንዳታደርጉት። እና 312 አልኩ እንጂ ሦስቱን በእጄ ነው ያወረድኳቸው።