መብራቱ አረንጓዴ ነው፤ ጀልባዋ ግን አትታይም

ባሕር ዳር ወደብ ላይ የምትቆም፣ ገላዋ ላሜራ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነ፣ ሃያ አምስት ሰው የምትጭን ጀልባ ናት። ኤአይኤስ ተገጠመላት። ኤአይኤስ ማለት ጀልባ ስሟን፣ ያለችበትን ቦታ፣ ፍጥነቷንና አቅጣጫዋን ማንም ሳይጠይቃት በሬዲዮ የምትናገርበት ዕቃ ነው። ገጣሚው ከምሳ በኋላ ጀምሮ ሳይመሽ ጨረሰ። መብራቱ አረንጓዴ በራ፣ ሒሳብ ተከፈለ፣ ተመራርቀው ተለያዩ።

በማግስቱ ጠዋት ጀልባዋ ወደ ደቅ ደሴት ተነሣች። የዚያው ባለቤት ሌላ ጀልባ፣ ያው ዓይነት ዕቃ ያላት፣ ወደቡ ላይ ታስራ ነበር። በእሷ ስክሪን ላይ ተጓዧ ለጥቂት ደቂቃ ታየችና ክብራን ገብርኤል ደሴት ገና ከፊቷ ሳለ ጠፋች። የመጨረሻዋ ነጥብ ከወደቡ ሲለካ 1.2 ኪሎ ሜትር ሆነ።

ባለቤቱ መጀመሪያ ይህንን አላመነም። መዝገቡ የመጨረሻውን መልእክት 05:52 ይላል፤ «በአምስት ከሃምሳ ሁለትማ ጀልባዋ ደቅ ደርሳ ነበር እኮ!» አለ። እውነቱን ነው፣ ደርሳ ነበር። ግን ዕቃው የሚመዘግበው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ከእሱ ላይ 3 ቢቀነስ የእኛ ሰዓት ይመጣል፤ ያ 05:52 ከጠዋቱ 2:52 ነው፣ ጀልባዋ ከወደብ ገና እንደወጣች። ይህችን ቅናሽ የማያውቅ ሰው መዝገብ ሲያይ ሁሌም ሌላ ሰዓት ላይ የሆነ ነገር ይመስለዋል።

1.2 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚሆነው ከምን አንጻር ነው? ሁለት አንቴናዎች ሊደማመጡ የሚችሉበትን ርቀት ለመገመት የእያንዳንዱን ከፍታ በሜትር ይዞ ስኩዌር ሩቱን ማውጣት፣ ሁለቱን መደመር፣ በ4.12 ማባዛት ነው። የሁለቱም አንቴና ጫፍ ከውሃው 3 ሜትር ከፍ ካለ ውጤቱ 14 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ዕቃው ለትንንሽ ጀልባዎች የሚሆነው፣ ክላስ ቢ የሚባለው ዓይነት ነው፤ የሚልከው በ2 ዋት፣ በ161.975 እና በ162.025 ሜጋኸርዝ ነው። 2 ዋት ለዚህ ርቀት አያንስም። ከወደቡ እስከ ክብራን ደግሞ ሜዳ ውሃ ነው፤ የሚጋርድ ነገር የለም።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እንደተለመደው ባትሪው ሆነ። ቴስተር ሲገባበት ሞተር ጠፍቶ 12.6፣ ሞተር ተነሥቶ 13.9 ቮልት አነበበ፤ ንጹሕ ነው። ቀጥሎ ጂፒኤሱ ተጠረጠረ፤ እሱም ጣሪያ ላይ ሰማይ እያየ ተቀምጧል፣ የሚሰጠው ቦታም ልክ ነው። አንዳንድ ዕቃ መላክ የሚያቆም ዝም ማሰኛ ሽቦ አለው፤ ያ ሽቦ ሳይታሰብ ከሌላ ተነካክቶ ጀልባዋን ድምፅ አልባ ያደርጋታል። እዚህ ግን እንደዚያ ቢሆን ኖሮ 1.2 ኪሎ ሜትርም አትታይም ነበር። የቀረው ከዕቃው እስከ አንቴናው ጫፍ ያለው መንገድ ነው። ሊፈትሽ የመጣው ቴክኒሻን ወደዚያ እጁን ሲሰድ ጀልባ ነጂው አላስነካም አሉ።

«ልጄ፣ አረንጓዴ እየበራ ምን ትነካካዋለህ? ቀይ ሲሆን ያኔ ትነካዋለህ።»

«ጋሼ፣ አረንጓዴው ዕቃው ‹እኔ ደህና ነኝ› ማለቱ ነው እንጂ ‹ታይቻለሁ› ማለቱ አይደለም።»

«ታዲያ ታይቻለሁን ማን ይንገረኝ?»

«ከማዶ ያለው ነዋ።»

ይህ አነጋገር ቀልድ ይመስላል፤ ግን ሥራው ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ዕቃው የአንቴናን ጤንነት የሚያውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ከላከው ኃይል ምን ያህሉ ተመልሶ እንደመጣበት ይለካል። ብዙ ከተመለሰ ቀይ ያበራል። ጥቂት ከተመለሰ ሄደልኝ ብሎ ያምናል። መንገድ ላይ ይበላ፣ አየር ላይ ይውጣ፣ ለይቶ አያውቅም።

ቴክኒሻኑ አንቴና አናላይዘር ይዞ ነበር፤ ራሱ ትንሽ ሲግናል ልኮ የሚመለሰውን የሚለካ መሣሪያ ነው። የሚሰጠው ቁጥር ኤስደብሊውአር ይባላል፤ 1 ከሆነ ምንም አልተመለሰም፣ ባደገ ቁጥር ብዙ ተመልሷል። መርፌ ያለው ተራው ኤስደብሊውአር ሜትር ለዚህ አይሆንም፤ የክላስ ቢ አንድ መልእክት በ26.67 ሚሊሰከንድ ስለሚያልቅ መርፌው ሳይነሣ ይተኛል። አናላይዘሩ በዕቃው በኩል ኬብሉ ላይ ተሰክቶ 162 ሜጋኸርዝ ላይ 1.9 አነበበ። ከ2 በታች ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። ልጁ ግን ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ጨርሶ ፈታውና ወረደ። የኬብሉ ጫፍ ባዶውን አየር ላይ ተንጠልጥሏል። በዚህ ጊዜ ንባቡ ወደ ላይ መፈናጠር ነበረበት። ያው 1.9 ነው። አንቴና ቢኖርም ባይኖርም ለኬብሉ ልዩነት የለውም ማለት ነው። ሽማግሌው ይህንን ሲያዩ ነው ዝም ያሉት።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ኬብሉ በአንድ አቅጣጫ 5 ዴሲቤል (የኃይል መቀነስ የሚለካበት ነው) ቢበላ፣ ከ2 ዋት ላይ ጫፉ የሚደርሰው 0.63 ዋት ነው። ጫፉ ላይ የሚቀበለው ስለሌለ ይህ ኃይል ይመለሳል። ሲመለስም ሌላ 5 ዴሲቤል ተበልቶ 0.2 ዋት ሆኖ ዕቃው ዘንድ ይደርሳል። ከላከው 10 በመቶ ብቻ ነው፤ በኤስደብሊውአር ሲቆጠር 1.9። ኬብሉ በከፋ ቁጥር ንባቡ እያማረ ይሄዳል። በቦታው የነበረው ኬብል ጥሩ ቢሆን ኖሮ ቀዩ መብራት ገና በመጀመሪያው ቀን በርቶ ነገሩ ያኔ ያልቅ ነበር።

የጣሪያው ውስጥ ሽፋን ሲነቀል ነገሩ ሁሉ ወጣ። ኬብሉ ቀጭኑ አርጂ 58 ነው፣ 12 ሜትር። ከዕቃው እስከ አንቴናው ያለው መንገድ 5 ሜትር አይሞላም፤ ትርፉ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ተወሽቋል። አርጂ 58 በዚህ ፍሪኩዌንሲ በ10 ሜትር 2 ዴሲቤል ግድም ይበላል፣ ከሲሶ በላይ ኃይል መሆኑ ነው። መሀል ላይ ደግሞ ተቀጥሏል፤ የውስጡ ሽቦ ከውስጡ፣ በዙሪያው ያለው የመዳብ መረብ ከመረቡ ተጠማዞ ናስትሮ ተጠቅልሎበታል። ናስትሮው ሲፈታ ከውስጡ ውሃ ጠብ አለ። መረቡ የመዳብ መልኩን አጥቶ ከፊሉ ጠቁሯል፣ ከፊሉ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ውሃ በመረብ ውስጥ እንደ ፋኖስ ክር እየተሳበ ይሄዳል፤ ከቅጥሉ አንድ ሜትር ርቆ ሲቆረጥም መረቡ ጥቁር ነበር። ጣሪያ ላይ ኬብሉን ከአንቴናው የሚያገናኘውን የፒኤል 259 ኮኔክተር ደግሞ ስታኞ ጨርሶ አልነካውም። መረቡ ወደ ኋላ ታጥፎ በጉልበት ገብቷል፣ በሞተር ንዝረት ተበጣጥሶ አልቋል። አንቴናው ከጀልባዋ ጋር የተያያዘው በቡሎን ብቻ ነበር።

እንደገና ሲሠራ 5 ሜትር አርጂ 213 ያለ ምንም ቅጥል ተዘረጋ። ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር ነው፣ ማጠፍ ያስቸግራል፤ ነገር ግን በዚህ ርዝመት የሚበላው ግማሽ ዴሲቤል አይሞላም። ከቤት የተረፈ የዲሽ ኬብል ለምን አይሆንም የሚል ሰው አይጠፋም። የዲሽ ኬብል 75 ኦም ነው፣ ኤአይኤስ 50 ኦም ይፈልጋል፤ ከዚያ ይልቅ ክፋቱ መረቡ አሉሚኒየም ሆኖ ስታኞ አለመቀበሉ ነው።

ኮኔክተሩ ላይ መረቡ የሚበየደው በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች ነው። ለሬዲዮ ጥገና የሚሆን 40 ዋት ብየዳ የኮኔክተሩን ገላ ማሞቅ አይችልም፤ ስታኞው ከላይ ይንጠባጠብና የያዘ ይመስላል፣ ሲነቀነቅ ይለቃል። 100 ዋት ይዞ ፈጥኖ መጨረስ ይሻላል፤ ቆይቶ ከነደደ የውስጡ ፕላስቲክ ቀልጦ መሀለኛው ሽቦ ከመረቡ ይነካካል። ኬብሉ አንቴናው ላይ ሳይታሰር በቴስተር መፈተሽ አለበት። ከመሀል መሀል ይጮኻል፣ ከገላ ገላ ይጮኻል፣ ከመሀል ወደ ገላ ዝም ይላል። አንቴናው ከታሰረ በኋላ ይህ ፍተሻ ያሳስታል፤ አንዳንዱ አንቴና በተፈጥሮው ከመሀል ወደ ገላ ይጮኻል።

ውሃ እንዳይገባ የሚጠቀለለው እርስ በርሱ የሚዋሐድ የጎማ ቴፕ ነው። እየተለጠጠ፣ ግማሽ በግማሽ እየተደራረበ፣ ልክ እንደ ሣር ክዳን ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከላይ ወደ ታች ከተጠቀለለ እያንዳንዱ ድርብ ውሃ መቀበያ ይሆናል። ከላዩ ተራ ናስትሮ ይለበሳል። ኬብሉ ወደ ጀልባው ከመግባቱ በፊት ከቀዳዳው ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል ይደረጋል፤ በክረምት ዝናብ ኬብሉን ይዞ የወረደ ውሃ እዚያ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ዕቃው ድረስ አይከተለውም።

አንቴናው ለ162 ሜጋኸርዝ የተሠራ፣ 93 ሴንቲ ሜትር ግድም የሆነ ግማሽ ሞገድ፣ ማለትም ርዝመቱ የሬዲዮ ሞገዱን ግማሽ የሚያህል ነው። ከሥሩ ብረት አይፈልግም፤ ነገር ግን ጎኑን ከብረት ጋር ማስደገፍ አይወድም። ስለዚህ እግሩ ከቆርቆሮው ጠርዝ በላይ እንዲሆን ቧንቧ ተበየደለት፣ ከድምፅ ሬዲዮው አንቴናም 1 ሜትር ራቀ።

ኤሌክትሪኩ ላይ አንድ ነገር ተስተካከለ። ቀድሞ የተወሰደው ከሞተሩ ቁልፍ ሥር ነበር። ስታርተር ሲመታ ቮልቴጁ ከ9.6 በታች ሲወርድ ዕቃው ይጠፋና ይነሣል፤ ሳተላይት እስኪያገኝ ጀልባዋ ወደቡን ለቃ ትሄዳለች። አሁን በራሱ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪው ይወስዳል።

መታወቂያ ቁጥሩ ባለ 9 አሃዝ ነው፣ የኢትዮጵያ በ624 ይጀምራል። ከሆነ ቦታ አይፈጠርም፣ ከሬዲዮ ፈቃድ ጋር ይሰጣል። በብዙ ዕቃ ላይ አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ይቆለፋል፤ አንድ አሃዝ የተሳሳተ ሰው ዕቃውን ወደ ሻጩ መላክ ነው ዕጣው። ስም ደግሞ የሚቀበለው በላቲን ፊደል ብቻ፣ እስከ 20 ሆሄ ነው። የእኛን ፊደል አያውቅም፤ «ገብርኤል»ን አንዱ በአንድ ዓይነት፣ ሌላው በሌላ ዓይነት ይጽፈዋል፣ በሬዲዮ ሲጠራሩ መግባባት ያቅታል። ወደቡ ላይ ተነጋግሮ በአንድ አጻጻፍ መስማማት ይሻላል። ስሙ በየ6 ደቂቃው ስለሚላክ አዲስ ጀልባ ስክሪን ላይ መጀመሪያ ቁጥሯ ብቻ ቢታይ ብልሽት አይደለም።

ባለቤቱ አንድ ቅሬታ ቀርቶት ነበር፤ ቤቱ ተቀምጦ በስልኩ ሲፈልጋት ጀልባዋ አትገኝም። ይህ ግን የዕቃው ጥፋት አይደለም። ኤአይኤስ ሲም ካርድ የለውም፤ ከአንቴና ወደ አንቴና ይሄዳል እንጂ ኢንተርኔት ላይ በራሱ አይወጣም። የስልኩ ካርታ እንዲያሳያት ዳር ላይ ከኢንተርኔት የተገናኘ መቀበያ መተከል አለበት። ለባለቤት ብቻ ከሆነ መኪና ላይ የሚገጠመው ባለ ሲም ጂፒኤስ ይረክሳል፤ ኔትወርክ በሌለበት ዝም እንደሚል ማወቅ ነው። ሐይቁ መሀል ሌላዋን ጀልባ የሚያስጠነቅቀው ግን ኤአይኤሱ ነው።

ሁለተኛው ሙከራ በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ንፋሱ ሳይነሣ ተደረገ። የታሰረችው ጀልባ ስክሪን ላይ አንድ ሰው ሰዓት ይዞ ተቀመጠ። ከ2 ኖት በላይ፣ ማለትም በሰዓት ከ3.7 ኪሎ ሜትር በላይ ለምትሄድ ጀልባ ነጥቧ በየ30 ሰከንዱ መታደስ አለበት፤ ቀስ ስትል ወይም ስትቆም በየ3 ደቂቃው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ጀልባ በ30 ሰከንድ 125 ሜትር ስለምትጓዝ ስክሪን ላይ ያለችው ጀልባ የነበረችበት ቦታ እንጂ ያለችበት አይደለም። ክብራን ላይ አልጠፋችም። አልፋም ሄደች። 12.8 ኪሎ ሜትር ላይ ነጥቦቹ መዝለል ጀመሩ፤ ከአንቴናዎቹ ከፍታ የሚጠበቀውም እዚያው አካባቢ ነው። በስልክ ሲነገራቸው ሽማግሌው «አረንጓዴው ያው ነው፤ አልተለወጠም» ብለው ሳቁ።

ሲመለሱ ስክሪኑ ላይ ከፊታቸው ምንም አልነበረም። ሁለት መቶ ሜትር ላይ ግን ከዘጌ እንጨት የጫነ የደንገል ታንኳ መንገዳቸውን አቋርጦ እየቀዘፈ ነበር። ሽማግሌው ስክሪኑን አላዩም፤ ነዳጁን ቀንሰው፣ ማዕበሉ እንዳያናውጠው በሩቁ ዞሩለት።