በሳያቡሪ ግድብ ባለሀብቱም፣ አበዳሪውም፣ ገዥውም አንድ ጎረቤት ነው

ስለ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ኢንቨስትመንት ሲነሳ በቅድሚያ የሚጠቀሰው ከጃፓን፣ ከቻይናና ከአሜሪካ የሚመጣው ገንዘብ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የአካባቢው አገሮች አንዱ በሌላው ምድር ላይ የሚያፈሱት ሀብት ነው፤ በተለይም ታይላንድ እንደ ሳያቡሪ ባሉ በላኦስ ወንዞች ላይ በተሠሩ የኤሌክትሪክ ግድቦች ያፈሰሰችው። በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው የኃይል ንግድ በቀጥተኛ የውጭ ኢንቨስትመንት ላይ በቂ ያልተጠየቀ አንድ ጥያቄ ያስነሳል፤ ባለሀብቱ፣ አበዳሪው፣ ሥራ ተቋራጩና ምርቱን የሚገዛው ሁሉም ከአንድ አገር ሲሆኑ አስተናጋጇ አገር በፕሮጀክቱ ላይ ምን ያህል ሥልጣን ይኖራታል?

ግንኙነቱ የቆየ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የላኦስ የናም ንጉም ግድብ ከመጀመሪያው አንስቶ ኃይሉን ለታይላንድ ይሸጥ ነበር፤ በ1975 በላኦስ ኮሚኒስቶች ሥልጣን ሲይዙና የሁለቱ መንግሥታት ግንኙነት ሲሻክርም የኤሌክትሪክ ሽያጩ አልተቋረጠም። በ1993 ታይላንድ 1,500 ሜጋ ዋት ለመግዛት የመግባቢያ ስምምነት ፈረመች፤ ይህ መጠን በ1996 ወደ 3,000፣ በ2007 ወደ 7,000፣ በ2022 ደግሞ ወደ 10,500 ሜጋ ዋት ከፍ ብሏል። ፍላጎቱ እንዲህ ያደገው በኢኮኖሚ ዕድገት ብቻ አልነበረም። በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ በ1994 የተጠናቀቀው የፓክ ሙን ግድብ የዓሣ አጥማጆችን ኑሮ በማናጋቱ የረጅም ጊዜ ተቃውሞ ቀስቅሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በታይላንድ ምድር ትልቅ ግድብ መሥራት እጅግ ከባድ ሆነ። ገንዘቡ የሜኮንግን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ላኦስ ሲሄድ የግድብ ሥራ የሚያስከትለው ማኅበራዊ ጫናም አብሮት ተሻግሯል ብዬ አምናለሁ።

በሜኮንግ ዋና ወንዝ የታችኛው ተፋሰስ ላይ የመጀመሪያው የሆነው የሳያቡሪ ግድብ ይህን ከሁሉም አጉልቶ ያሳያል። ከሉዋንግ ፕራባንግ ከተማ በታች የተሠራው ይህ 1,285 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ በጥቅምት 2019 የንግድ ሥራውን ጀመረ። ትልቁ ባለአክሲዮን ሲኬ ፓወር የታይላንድ ኩባንያ ነው፤ ግንባታውን ያካሄደው የሲኤች ካርንቻንግ ቡድን የታይላንድ ነው፤ ብድሩን የሰጡት የታይላንድ ባንኮች ናቸው፤ ከኃይሉ 95 በመቶ የሚሆነውን የሚገዛው ደግሞ ኢጋት በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው የታይላንድ መንግሥት የኤሌክትሪክ ድርጅት ነው። የላኦስ የመንግሥት ኤሌክትሪክ ድርጅት ድርሻ 20 በመቶ ነው። በስታቲስቲክስ መዝገብ ላይ ይህ የውጭ ኢንቨስትመንት ይባላል፤ በአሠራሩ ግን የታይላንድ የኃይል ዘርፍ ከድንበሩ ማዶ የተዘረጋ አንድ ክፍል ነው።

ላኦስ ከዚህ የምታገኘው ጥቅም የሚናቅ አይደለም። ወደብ የሌላትና የካፒታል ገበያዋ ትንሽ የሆነ አገር እንዲህ ያለ ግድብ በራሷ አቅም ልትሠራ አትችልም ነበር፤ ከሮያሊቲ (ለወንዙ አጠቃቀም ከሚከፈል ክፍያ)፣ ከግብርና ከትርፍ ድርሻ ገቢ ታገኛለች፣ የኮንሴሽኑ ማለትም ኩባንያው ግድቡን እንዲያስተዳድር የተፈቀደለት ዘመን ሲያበቃም ግድቡ ለመንግሥት ይተላለፋል። ችግሩ ገዥው አንድ ብቻ መሆኑ ነው። በ1997 የእስያ የገንዘብ ቀውስ የታይላንድን መገበያያ ገንዘብ ባትን ሲጥለው የታይላንድ የኃይል ፍላጎት ቀዘቀዘ፤ ለውጭ ገበያ የታቀዱ የላኦስ ግድቦችም ዘገዩ። የናም ቱን 2 ግድብ ለምሳሌ የኃይል ግዥ ውሉ የተፈረመው በ2003፣ ኃይል ማመንጨት የጀመረውም በ2010 ነበር። የባንኮክ ቀውስ የላኦስ ዋና ከተማ የቪየንቲያን የበጀት ቀውስ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

እጅግ የሚከነክነኝ ሌላም ነገር አለ። የላኦስ የመንግሥት ድርጅት በደረቁ ወራት ለአገር ውስጥ ፍጆታ የሚሆን ኤሌክትሪክ ከታይላንድ መልሶ ይገዛል፤ ትልልቆቹ ግድቦች በውል የታሰሩት ለውጭ ገበያ ነውና። በዘርፉ የተከማቸው ዕዳ ከባድ ስለሆነ በ2020 የአገሪቱን ከፍተኛ የኃይል ማስተላለፊያ መስመሮች የሚያስተዳድረው ኩባንያ አብላጫ ድርሻ ለቻይናው የደቡብ ኃይል መረብ ኩባንያ እንዲሰጥ ስምምነት ተደረገ። ኃይል ሸጦ ይበለጽጋል የተባለ አገር የራሱን መስመር ቁጥጥር ለሌላ ጎረቤት ሲያካፍል ማየት ያሳዝናል።

የወንዙ ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ካምቦዲያ፣ ላኦስ፣ ታይላንድና ቬትናም በ1995 የፈረሙት የሜኮንግ ስምምነት አስቀድሞ መመካከርን ቢጠይቅም ለማንኛቸውም ፕሮጀክት የመከልከል መብት አይሰጥም። በ2011 በሳያቡሪ ላይ አራቱ አገሮች መስማማት አልቻሉም፤ ያም ሆኖ በኅዳር 2012 የግንባታው ማስጀመሪያ ሥነ ሥርዓት ተካሄደ። ተቃውሞው ገንቢዎቹ የዓሣ መተላለፊያና የደለል ማስወጫ እንዲያሻሽሉ አስገድዷል። በዚያው በ2012 በወንዙ ዳር የሚኖሩ ታይላንዳውያን የኃይል ግዥ ውሉን በመቃወም ኢጋትንና ሌሎች የመንግሥት አካላትን በአስተዳደር ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ክርክሩ አሥር ዓመት ከፈጀ በኋላ በ2022 የበላይ ፍርድ ቤቱ ይግባኙን ውድቅ አደረገ። እነዚህ መንደርተኞች ቢሸነፉም ትክክለኛውን በር ያንኳኩ ይመስለኛል። ግድቡ ያለው በሌላ አገር ሉዓላዊ ግዛት ውስጥ ነው፤ የገዥው ፊርማ ግን ያለው በእነርሱ አገር ነው፣ ያለዚያ ፊርማ ደግሞ የትኛውም ባንክ ባላበደረ ነበር።

በጎረቤት አገሮች መካከል የሚደረግ ኢንቨስትመንትን አልቃወምም። ይልቁንም ከሩቅ ከሚመጣ ገንዘብ ይልቅ የጋራ ወንዝና የጋራ ድንበር ያላቸው ሰዎች ገንዘብ የረጅም ጊዜ ኃላፊነት ሊሸከም ይችላል የሚል ተስፋ አለኝ። ለዚህ ግን የኃይል ግዥ ውሉ፣ ዋጋው፣ የምንዛሪ አከፋፈሉና የጉዳት ካሳው አንድ የላኦስ ዜጋ አንብቦ ሊመዝነው የሚችል ሰነድ መሆን አለበት።

በሰኔ 2022 ላኦስ በታይላንድና በማሌዥያ መስመሮች በኩል እስከ 100 ሜጋ ዋት ለሲንጋፖር መሸጥ ጀመረች። መጠኑ ትንሽ ነው፣ መተላለፊያውም በታይላንድ እጅ ነው፤ ቢሆንም ከቅርብ ጎረቤቶቿ ርቆ የሚገኝ ገዥ አገኘች። በሳያቡሪ የኃይል ግዥ ውሉ በ2040ዎቹ መጨረሻ ያበቃል። ያን ጊዜ ግድቡን የሚረከበው የላኦስ መንግሥት ተርባይኖቹን በምን ሁኔታ፣ የውኃ ማቆሪያውን ምን ያህል ደለል ይዞ እንደሚያገኘው፣ ኃይሉንም ከኢጋት ሌላ ለማን ሊሸጥ እንደሚችል የሚወስኑት ከወዲሁ የሚፈረሙት ውሎች ናቸው።