ለጓሮዬ የጠብታ መስኖ በባለሙያ ሳሠራ የተማርኩት

እኛ ሰፈር፣ ቦሌ ቡልቡላ፣ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሌሊት። ክረምቱ ከወጣ በኋላ የጓሮዬ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቃሪያና ቲማቲም የሚጠጡት ከሮቶ ነው። እኛም ከዚያው ሮቶ እናበስላለን፣ እንታጠባለን። በጎማ ሲጠጣ ውሃው መደቡ ላይ ብቻ አይቀርም፤ መተላለፊያውንም አረሙንም ያጠጣል። ሮቶው ቶሎ ይጎድላል፣ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ይነሳል። ባለሙያ ፈልጌ የጠብታ መስኖ ለማሠራት የቆረጥኩት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ያነጋገርኳቸው ሰዎች በስልክ ዋጋ ቆረጡልኝ። አንዱ "ስንት ካሬ ነው?" ብሎ ጠየቀና ወዲያው ሒሳቡን ነገረኝ። ሌላው ጎበዝ ቧንቧ ሠሪ ነው። ግን ለመደቦቹ በቀን ስንት ሊትር እንደሚደርሳቸው ስጠይቀው "እያየን እንከፍተዋለን" አለኝ። ቧንቧ መግጠም ሌላ፣ መስኖ መሥራት ሌላ ነው። በመጨረሻ የቀጠርኩት አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ መስኖ ያጠና ወጣት ነው። ስለ ዋጋ ስጠይቀው "እህቴ፣ መጀመሪያ መጥቼ ልየው" አለ። ሳያይ ዋጋ ከሚናገር ሰው ጋር ከእንግዲህ አልነጋገርም።

ሲመጣ የጠየቀኝ ባዶ ጀሪካን ነው። የጓሮውን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን በስንት ጊዜ እንደሚሞላ በስልኩ ያዘ። 2 ደቂቃ ፈጀ። በሰዓት 600 ሊትር ማለት ነው። ቀጥሎ ሮቶው የተቀመጠበትን ማማ ለካ፤ ከመሬት 3 ሜትር ነው። ሙያው የታየኝ እዚህ ላይ ነው። ውሃ 10 ሜትር ከፍ ሲል 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። የእኛ 3 ሜትር ግን የሚሰጠው 0.3 ባር ብቻ ነው። እኔ ልገዛ ያሰብኩት ታይመር (ውሃውን በሰዓቱ የሚከፍትና የሚዘጋ ዕቃ) ደግሞ ቫልቩ የሚሠራው በውሃው ግፊት ታግዞ ነው። በዚህ ግፊት አይሆንም። "ውስጡ ቦል ቫልቭ (እየዞረ የሚከፍትና የሚዘጋ ቀዳዳ ያለው ኳስ) ያለውን ይግዙ፤ እሱን ሞተሩ ራሱ ያዞረዋል፣ ግፊት አይጠብቅም" አለኝ። መስመሩ ላይ ሆኖ ውሃውን ጠብታ በጠብታ የሚለቀው ማንጠብጠቢያም እንደዚሁ ነው። ግፊት እያስተካከለ የሚለቀው ውድ ዓይነት እንደኛ ላለ ደካማ ግፊት አልተሠራም። ተራውን መርጠን መስመሩን አጭር ማድረግ ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ አስረዳኝ። ዕቃው ላይ "በሰዓት 1.6 ሊትር" ተብሎ የሚጻፈው 1 ባር ላይ ነው። በእኛ ግፊት ወደ 0.9 ሊትር ይወርዳል። ባለ 10 ሜትር መስመር ላይ ማንጠብጠቢያዎቹ በ30 ሳንቲሜትር ርቀት ሲቀመጡ 33 ያህል ይሆናሉ፤ መስመሩ በሰዓት 30 ሊትር ገደማ ይለቃል። ስድስት መስመር 180 ሊትር። ይህን ሳውቅ ለሮቶው ማቀድ ቻልኩ። ስንት ለቤት፣ ስንት ለጓሮ የሚለው ጥያቄ መልስ አገኘ።

አፈሩንም ቆፍሮ አየው። ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ ውሃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው፣ ግን ወደ ጎን ያሰፋዋል። ስለዚህ ማንጠብጠቢያዎቹን ከ30 ሳንቲሜትር ባነሰ ርቀት ማቀራረብ አላስፈለገም። አንድ ሰዓት በአንዴ ከመክፈት ይልቅም ንጋት ላይ ግማሽ፣ ማታ ግማሽ ሰዓት እንዲሆን ወሰንን።

ውላችን አንድ ገጽ ነበር። የእያንዳንዱ ዕቃ ዓይነትና መጠን፣ የመስመሮቹ ንድፍ፣ የሚያልቅበት ቀን፣ ከተበላሸ ማን እንደሚጠግን ተጻፈበት። ክፍያውን በሦስት ከፈልነው፤ የመጨረሻው ሥራው ተፈትኖ ካለፈ በኋላ። ይህን አጥብቄ እመክራለሁ። በሙከራው ቀን ሁለት መጋጠሚያዎች አፈሰሱ፣ ባለሙያው ያለ ምንም ክርክር ፈትቶ አስተካከላቸው።

ሙከራው ቀላል ነው። ከመስመሩ መጀመሪያ፣ መሃልና መጨረሻ ካሉ ማንጠብጠቢያዎች ሥር አንድ ዓይነት ኩባያዎች ይቀመጣሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውሃው ይነጻጸራል። የመጨረሻው ኩባያ በጣም ካነሰ መስመሩ ረዝሟል ወይም የሆነ ቦታ ተደፍኗል። ይህን ሳታዩ አትረከቡ።

ማጣሪያ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ሮቶ ሥሩ ደለል ይይዛል፤ የማንጠብጠቢያ ቀዳዳ ደግሞ በጣም ጠባብ ነው። እኛ ባለ 120 ሜሽ ማጣሪያ አስገጠምን (ሜሽ የወንፊቱ ጥቅጥቅነት ነው)። በየሳምንቱ ፈትቼ አጥበዋለሁ። የየመስመሩ ጫፍም የሚከፈት ክዳን ስላለው አልፎ አልፎ ከፍቼ ቆሻሻውን አስወጣለሁ። የፍግ ውሃ በዚህ መስመር አላሳልፍም፤ በእጄ ሥሩ ላይ አፈሳለሁ። ባለሙያው ከቤቱ መስመር ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቼክ ቫልቭም አስገብቷል። የጓሮው ውሃ ወደምንጠጣው ውሃ እንዳይመለስ ነው። እኔ አላሰብኩትም ነበር። ልጆች ላሉት ቤት ይህ በጣም ትልቅ ነገር ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢቀር እሱን ጠይቁ።

የጠብታ መስመሮቹን ፀሐይ እንዳያደርቃቸው በገለባ ሸፈንናቸው። ገለባው የአፈሩንም እርጥበት ይይዛል። የዋልካው መሰንጠቅም ቀንሷል። መተላለፊያው ደርቆ ስለሚውል አረሙም እንደ በፊቱ አያስቸግርም።

ሎሚውና አቮካዶው ገና በጎማ ነው የሚጠጡት። ዛፍ ሥሩ ሰፊ ስለሆነ ዙሪያውን ብዙ ማንጠብጠቢያና ረዘም ያለ ሰዓት ይፈልጋል፤ ከጎመን ጋር በአንድ መስመር አይሄድም። ባለሙያው ለእነሱ የሚሆን መውጫ ከነቁልፉ ትቶልኛል። ቀጣዩ በጋ ሳይገባ ያንኑ ልጅ ጠርቼ አስቀጥለዋለሁ።